ነጭ ፊት ለሩቅ ተመልካች ነው

ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ፣ ለልደት የተጠራ ክላውን ፊቱን እንደ ኖራ አንጥቶ ግቢው ሲገባ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ልጆቹ አላጠፉም። ያ ፊት ለቅርብ አልተሠራም።

ነጩን ፊት ያስለመደው የለንደኑ ክላውን ጆሴፍ ግሪማልዲ ነው (1778–1837 እ.ኤ.አ.)። ከተጫወተባቸው ቲያትር ቤቶች አንዱ፣ ድሩሪ ሌን፣ ከ3,000 በላይ ሰው ይይዝ ነበር፤ መብራቱ ደግሞ ሻማና የዘይት ኩራዝ። በዚያ ጭላንጭል ከኋላ የተቀመጠው ሰው ፈገግታና ኩርፊያ እንዲለይ ፊቱን አነጣ፣ ጉንጩ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን ሣለ።

የእኛ አዝማሪ ቀለም አላስፈለገውም። ጠጅ ቤት ውስጥ ከአድማጩ የሚርቀው ቢበዛ ሁለት ክንድ ነው፤ ቅንድቡን ካነሳ ሌላውን ሰምና ወርቁ ይጨርሰዋል። የቤተ መንግሥት አጫዋችም ቢሆን መሣሪያው ምላሱ ነበር።

ለልደት የሚስማማው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአውሮፓ ሰርከስ የመጣው «ኦጉስት» የተባለው የክላውን ዓይነት ነው፤ ተንኮለኛው ባለ ነጭ ፊት ክላውን የሚያሞኘው ገራገር። የኦጉስት ፊት በአብዛኛው የቆዳ መልኩን ይይዛል። ስለዚህ ቆዳችሁን እንዳለ ተዉት፤ ነጭ ከዓይን በላይ ብቻ፣ ቀይ ከታችኛው ከንፈር ላይ።

ቀለሙ ለፊት የተሠራ ይሁን፤ የግድግዳ ወይም የሥዕል ቀለም ቆዳ ያቃጥላል። ከአንድ ቀን በፊት ክንዳችሁ ላይ ሞክሩት። ቅባታማ ከሆነ ሥር ቫዝሊን አትቀቡ፣ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ነጩን በጣት ጫፍ መታ መታ አድርጉ። ማሸት ዥንጉርጉር ያደርገዋል። ከዚያ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ውስጥ ፓውደር ጨምራችሁ ቋጥሩና ዓይንና አፍ ዘግታችሁ ቀለሙን ጠቅ ጠቅ አድርጉበት፤ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ትርፉን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ቀዩ ቀጥሎ፣ ጥቁሩ መስመር መጨረሻ። ብዙ ጀማሪ ፓውደሩን ይዘለዋል፤ የቀትር ፀሐይ ሲመታው ቀለሙ ቀልጦ የመጀመሪያው ያቀፈው ልጅ የልደት ልብስ ላይ ይቀራል። ማስለቀቂያው የሕፃናት ዘይት ነው፣ ከዚያ ሳሙና።

የስፖንጁን ቀይ አፍንጫ ግን አድርጋችሁ አትግቡ። ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ። ምድር ላይ ቁጭ ብላችሁ አውጡት፣ አንድ ልጅ ጨምቆ ይየው፣ ከዚያ እዚያው እያዩአችሁ አፍንጫችሁ ላይ አድርጉት።