ፎቶ ኮፒው ክዳን ሥር የቀረችው ቴሴራ

ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ እርከን ዝቅ በሚለው በከፍተኛ ሊግ፣ በአንድ የእግር ኳስ ክለብ የቡድን መሪ ሆኜ ስሠራ እንደ ዓይኔ ብሌን የምጠብቀው አረንጓዴ ማኅደር ነበረኝ። የተጫዋቾቹ ቴሴራዎች፣ ማለትም የተጫዋችነት መታወቂያ ካርዶቻቸው፣ የሚቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው። ቴሴራው ያልቀረበ ተጫዋች የቱንም ያህል ኮከብ ቢሆን ሜዳ አይገባም። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስቦ መካሄድ ከጀመረ ወዲህ ነው። ቡድናችን ሆሳዕና ከትሟል፤ የሁለት ወር ደመወዝ ደግሞ ተወዝፏል። በከተማ አስተዳደር በጀት በሚተዳደር ክለብ ውስጥ የሠራ ሰው ይህ እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ተደወለልኝ። ክፍያው ሊለቀቅ ነው፤ የአንድ ተጫዋች የማንነት ማስረጃ ስለጎደለ ቅጂው ዛሬውኑ ይላክ ተባለ። ልጁ መታወቂያውን ይዞ አልመጣም። ቴሴራውን ከማኅደሩ መዝዤ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጥኩ፤ ቅጂውንም ወደ ከተማችን ለሚመለሰው ሹፌር አደረስኩ። ልጆቹ ደመወዛቸውን ሊያገኙ ነው ብዬ በደስታ ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት የጨዋታው ኮሚሽነር ቴሴራዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከስም ዝርዝሩ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር ጀመር።

«11 ቁጥር የት አለ?»

ማኅደሩን ገልብጬ አራገፍኩት። ወዲያው የፎቶ ኮፒው ክዳን ሲከደን ታየኝ። ቅጂውን ተቀብዬ ሂሳብ ስከፍል ክዳኑን ማን ከፈተው? ማንም።

ሰው ላክን፤ ሱቁ ዝግ ነው። ጥበቃው ባለቤቶቹ ቤተ ክርስቲያን መሄዳቸውን ነገረን። ኮሚሽነሩን ለመንኩት፤ ሌላኛው ቡድን ልጁን እንደሚያውቀው፣ ባለፈው ሳምንት እንደተጫወተ አስረዳሁ። «ወንድሜ፣ ዛሬ ለእርስዎ ካሳለፍኩ ነገ ለሌላው ምን እላለሁ?» አለኝ። ትክክል ነበር። በሰው ስም የሚጫወት ሰው እንዳይኖር የሚጠብቀው ይኸው ቁጥጥር ነው።

ጨዋታውን 1 ለ 0 አሸነፍን። ክለቡ ምንም አልጎደለበትም፤ ስለዚህም ማንም አልወቀሰኝም። በዚያ ቀን ግን አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ምክትል አሠልጣኝ ያንን የመስመር አጥቂ ሊያይ ረጅም መንገድ ተጉዞ መጥቶ ነበር። ጨዋታችንን የሚያስተላልፍ ቴሌቪዥን አልነበረም። የእኛን ልጅ ለማየት ሜዳው ድረስ መምጣት ያስፈልጋል፤ የመጣው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አይመጣም።

ስለ ከፍተኛ ሊግ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ማን አደገ የሚለው ነው። በእርግጥም ታላቅ ነገር ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2009 ዓ.ም. አድጎ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። ኢትዮጵያ መድን በ2014 ዓ.ም. ከዚሁ ሊግ ወጥቶ በ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። ክለብ ግን ዘንድሮ ባያድግ የከርሞ ዕድል አለው። የ19 ዓመት ልጅ ከርሞ ማን እንደሚያየው አያውቅም።

ልጁ ከተመልካች ጋር ተቀምጦ ነበር፤ ታኬታውን በፌስታል አንጠልጥሎ። ዕረፍት ላይ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። «ምንም አይደል ጋሼ» አለኝና ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ። እንግዳው በዕረፍት ሰዓት ሄዷል። ማታውኑ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ልጁ ተቀጥቶ እንዳይመስለው የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። በአክብሮት አዳመጠኝ። ዳግም አልመጣም።

ሰኞ ጠዋት የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ክዳኑን ስታነሳ ቴሴራዋ በፊቷ ተደፍታ መስታወቱ ላይ ተኝታለች።

ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ተጫዋች ማስረጃ የውድድር ዓመቱ ሳይጀመር አስገለብጣለሁ፤ ከማኅደሩ ለማንም ጉዳይ ቴሴራ አይወጣም። የጨዋታ ዋዜማ ራት ሲያበቃ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን በእጁ ተቀብሎ፣ ስሙን አንብቦ ይመልስልኛል። በቀሩት ጨዋታዎች ሁሉ የምጀምረው ከ11 ቁጥር ነበር። ያነባታል፣ በእጅጌው ጠረግ ያደርጋታል፣ ማኅደሩ ውስጥም ራሱ ይከታታል።