ለስላሳ ትቼ ጁስ ላይ የወደቅሁበት 4 ወር

ይህን የምጽፈው፣ ባለፈው ጥር አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ ነው። ለስላሳ መተው ከባድ ነው እያሉ የሚያስፈራሩ ብዙ ናቸው። እኔን የጣለኝ ግን መተዉ አይደለም። የተካሁበት ነገር ነው።

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች ትንሽ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ረፋድ ላይ አንድ ኮካ፣ ከምሳ ጋር አንድ ሚሪንዳ፣ ማታ ቤት ስገባ ከልጆቼ ጋር ሌላ አንድ። ለዓመታት እንዲህ ነበር። ብዙ እንደምጠጣም አይታወቀኝም። እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ፣ ልደት ሲሆን ለስላሳ፣ ለቅሶ ቤትም ለስላሳ። ማን ይቆጥረዋል?

እማዬ ስኳር አለባት። ጥር ላይ ለክትትል ይዣት ሄጄ እግረ መንገዴን እኔም ተመረመርኩ። በባዶ ሆዴ የተለካው የደም ስኳሬ 118 መጣ። ጤነኛ የሚባለው ከ100 በታች ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራም ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። እኔ መሃል ላይ ነበርኩ። እማዬ ወረቀቱን ባታነበውም ፊቴን አይታ ገባት። መርፌዋን የያዘችበትን ቦርሳ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ልጄ፣ እኔን እያየሽ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

የዚያን ዕለት ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። ኮካ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10.6 ግራም ስኳር አለው። የጠርሙሱ 300 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ገደማ፣ በልኩ የተሞላ 8 የሻይ ማንኪያ አለ ማለት ነው። ትልቋ ልጄ የስኳሩን ዕቃ አመጣችና አንድ በአንድ እየቆጠርን ብርጭቆ ውስጥ ጨመርነው። ሲያልቅ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ሚሪንዳውንም እንደ ኮካው ብንቆጥረው በቀን ሦስት ጠርሙስ ማለት 24 ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም በታች ይሁን፣ ከ25 ቢያንስ ደግሞ ይሻላል ይላል። እኔ 96 ግራም ገደማ እየጠጣሁ ነበር። ሻዬ ላይ የማደርገው ሳይቆጠር።

መተዉ ላይ ብዙ አልቆይም። «ቀስ በቀስ ቀንሱ» የሚለው ምክር ለኔ አልሠራም። ሦስቱን ሁለት ባደርግ ቅዳሜ አራት ሆኖ ይመለሳል። የሠራልኝ ባዶ ጠርሙሶቹን ከቤት ማውጣት ነው። ሰፈር ሱቅ ባዶ ካልሰጠሽ ሙሉ አይሰጥሽም። ያሉኝን 9 ባዶዎች በፌስታል ይዤ ሄጄ ማስያዣዬን ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ ማታ ሲያምረኝ ባዶ የለኝም፣ ለማስያዣ ደግሞ ሌላ ብር ማውጣት አለብኝ። እሱን እያሰብኩ ፍላጎቱ ያልፋል። ሥራ ቦታ ደግሞ አስተናጋጇ ሳታመጣልኝ ቀድሜ «ውሃ» እላለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ከበደኝ። ሁለተኛው ቀለለ። በቃ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ።

ውጤቱን ያየልኝ ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ለስላሳ አቁሚ፤ ፍሬሽ ጁስ ጠጪ» ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የትኛውን ጁስ፣ ስንት ብርጭቆ፣ ስኳር ያለው የሌለው፣ ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅሁም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበርና አፈርኩ። ለጤናዬ መጠየቅ ምን ያሳፍራል?

ፍሬሽ ጁስ ሲባል ደስ ይላል። ፍራፍሬ ነው፣ ቫይታሚን ነው። ወዲያው ደግሞ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን ወተት የለም፣ እርጎ የለም። ከሥራ ቦታዬ ሁለት በር አለፍ ብሎ ጁስ ቤት አለ። በየቀኑ ምሳ ላይ ማንጎ፣ አንዳንዴ አቮካዶ፣ አርብ አርብ ስፕሪስ። በትልቁ ብርጭቆ። ከላይ ቪምቶ ጠብ ያደርጉበታል። ልጆቼንም «ለስላሳ የለም፣ ጁስ ግን እገዛላችኋለሁ» አልኳቸው። ለጎረቤቶቼ ሁሉ መከርኩ። በራሴ ኮርቼ ነበር። ከፋሲካ በኋላም ቀጠልኩ።

ግንቦት ላይ ተመረመርኩ። 122። ጨምሯል።

አላመንኩም። መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ቦታ ተለካሁ። ያው ነው። ከዚያ ጁስ ቤቱ ሄጄ እንደ ወትሮው ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም፤ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ልጁ ሁለት ማንጎ ልጦ ከተተ። ውሃ ጨመረ። ቀጥሎ ከጠረጴዛው ሥር ከነበረ ባልዲ በጭልፋ ስኳር ዛቀ።

«ወንድሜ፣ የኔ ላይም ሁልጊዜ ታደርጋለህ?»

«አዎ እህቴ፣ ያለ ስኳር ማን ይጠጣዋል?»

ክፋት የለውም። ሥራው ነው። ጭልፋውን ተቀብዬ በሻይ ማንኪያ ሰፈርኩት። አምስት ሞላ። 20 ግራም ነው። ማንጎው ደግሞ የራሱ አለው፤ 100 ግራም ማንጎ ውስጥ ወደ 14 ግራም ስኳር አለ። ከሁለቱ ማንጎ 200 ግራም ሥጋ ብቻ ወጣ ብንል እንኳ ብርጭቆው ውስጥ 48 ግራም ሆነ። የተውኩትን ኮካ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ለጤናዬ ብዬ የጠጣሁት ይህን ነው። ለልጆቼም የሰጠሁት ይህን ነው። በጣም አለቀስኩ፤ እዚያው መንገድ ላይ።

በኋላ ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት በጁስ ውስጥ ያለውን ስኳርና ማርንም ቀንሱ ከሚላቸው ጋር አብሮ እንደሚቆጥር አየሁ። ማንጎ ቁጭ ብለሽ ስትበይ ቃጫው አብሮ ይገባል፣ ታኝኪያለሽ፣ አንዱ ያጠግብሻል። ሲፈጭና ሲቀጥን ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ትጨርሺዋለሽ። ይህን አንድ የጤና ባለሙያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነግረኝ ይችል ነበር። ስለዚህ ማንም ምን ቢልሽ ፍሬውን ብዪው፣ አትጠጪው። ማልትም ያው ነው። አልኮል የለውም ማለት ስኳር የለውም ማለት አይደለም።

አሁን የምጠጣው ቀላል ነው። ከምሳ ጋር አምቦ ውሃ፣ ግማሽ ሎሚ ጨምቄበት። ጉሮሮ ላይ የሚቆነጥጠውን ነገር ነበር የምፈልገው ለካ፤ አምቦ ይሰጠኛል። ከሰዓት ጦስኝ ወይም ዝንጅብል ሻይ፣ ያለ ስኳር። ቡናም ያለ ስኳር ለመድኩ፤ እሱ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶብኛል። በጾም ተልባ። ተልባውን ቆላ አድርጌ እፈጨዋለሁ፣ በውሃ በጥብጬ ትንሽ አቆየውና አጠልለዋለሁ። ብዙ ሰው ማር ካልገባበት አይጠጣውም፤ እኔ ቆንጥሬ ጨው ነው የማደርግበት። የሆድ ድርቀቴም ተሻለኝ።

የቀረው ችግር ሰው ቤት ስሄድ ነው። መጀመሪያ «ለስላሳ አልጠጣም» እያልኩ ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ። አክስቴ «ምነው፣ ቤቴ ምን አለው?» ብላ ተቀይማኛለች። አሁን እምቢ አልልም፤ እጠይቃለሁ። ገና ጫማዬን ሳወልቅ «እትዬ፣ ሻይ አፍይልኝ፣ ስኳር ሳይነካው» እላለሁ። እንግዳ የሚቀበል ሰው የሚፈልገው የሚያቀርበው ነገር ነው። ሥራ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። አክስቴ አሁን ስመጣ ጦስኙን ቀድማ ትጥዳለች።

መስከረም ላይ 103 ሆንኩ። ገና አልጨረስኩም። እማዬ ስትሰማ ግንባሬን ሳመችኝ።

ያን የሐኪሙን ወረቀት አልጣልኩትም። በጥር ለክትትል እማዬን ይዤ ስሄድ፣ ያው ሐኪም ካለ ሦስቱን ውጤቶች ከጎኑ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለታለሁ። «ፍሬሽ ጁስ» ከሚለው ሥር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። ከኋላዬ ሰው ቢሰለፍም ይጠብቅ።