የጀለቢያን ዘር ስቆጥር

ጅማ ላይ «ጀለቢያ ከየት የመጣ ቃል ነው?» ብትሉ መልሱ ወዲያው ነው፦ «ከዐረብ ነዋ!» እኔን ግን ይህ አላጠገበኝም። መዝገበ ቃላት ከመግለጤ በፊት ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ሄድኩ፤ ደግ አደረግሁ።

ሂርማታ፣ የጅማው ገበያ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን አውጥተው የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ። «አባባ፣ ጀለቢያና ጅልባብ አንድ ናቸው እንዴ?» አልኳቸው። መቀሳቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ልጄ፣ ጅልባብ ሴት ከራሷ ጀምሮ የምትከናነበው ነው። ጀለቢያ ከራስ ጋር ምን አገናኘው?» አሉኝ። የጀመሩትን ዘርግተው አሳዩኝ፤ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ወጥ ሆኖ የወረደ፣ አንገቱ እስከ ደረት የተከፈተ፣ ከብብት በታች በየጎኑ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ የገባበት። ያ ቁራጭ ከሌለ እርምጃ ይይዛል አሉ።

ስለዚህ ሁለቱን ለያይቼ ተከተልኩ። ጅልባብ ቀለለኝ። ቁርኣን ውስጥ፣ ሱረቱል አህዛብ አንቀጽ 59 ላይ፣ በብዙ ቁጥር «ጀላቢብ» ተብሎ ይገኛል። ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ቴዎዶር ኖልደኬ ቃሉ ወደ ዐረብኛ የገባው ከግእዝ ነው ባይ ነው። በግእዝ ገልበበ ማለት ሸፈነ፣ ጋረደ ነው፤ ግልባቤም መሸፈኛ። የእኛ ገ በዐረብኛ ጀ ሆና ትገኛለች፦ ገመል ጀመል፣ ገሃነም ጀሀነም። የግእዙን «ማእድ» (ገበታ) «ማኢዳ» ብሎ የወሰደ ቋንቋ ግልባቤን ቢወስድ ምን ይገርማል? «ከዐረብ ነዋ» ያሉኝ ሁሉ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ማየት ነበር።

ገልበበን በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) ለምትፈልጉ፣ ፊደሉ የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው፤ ገን ከመጀመሪያው አካባቢ ፈልጓት።

ጀለቢያ ግን አስቸገረኝ። ጅልባብ ሁለት በ አለው፣ ጀለቢያ አንድ ብቻ። ከጅልባብ የሚያዛምዱት አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከዐረብኛው ጀለበ፣ ማለትም ከሩቅ አመጣ፣ ያወጡታል። ጀላብ ዕቃ ከአገር አገር የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። ሂርማታ በአባ ጅፋር ዘመን የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ስለነበረች ይኼኛው ለጅማ ሰው ልብ ይቀርባል። ለልብ መቅረቡ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ እኔም ሁለቱንም ጽፌ ነው ያስቀመጥኩት።

ቡና ቤት ውስጥ አንዱ «ከገለባ ነው፣ ቀሎ ስለሚነፍስ»፣ ሌላው «ከጀልባ ነው፣ እንደ ሸራ ስለሚነፋ» ሲሉኝ ስቄያለሁ። ድምፅ መመሳሰል ብቻውን የትም ያደርሳል። መጀመሪያ ፊደሎቹን ቁጠሩ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚለብሰው ጠይቁ። የሞሮኮው ጀላባ ቆብ አለው፣ የሱዳኑና የግብፁ የለውም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ እናቶች ቤት ውስጥ የሚለብሱትን ሰፊ ቀሚስም ጀለቢያ ይሉታል።