ሻጋታ አይደነግጥም፦ የሦስተኛ ወር ማስታወሻ

ያገለገለች ማይክሮስኮፕ ከገዛሁ ሦስተኛ ወሬን ያዝኩ። መብራቷ አሁንም ብልጭ ድርግም ትላለች። ግን ትሠራለች።

እሑድ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ ሐይቅ ድረስ ሄጄ ከዳርቻው አንድ ሃይላንድ ውሃ ቀድቼ መጣሁ። በነገራችን ላይ፣ ስትቀዱ እጅ እግራችሁን ውሃው ውስጥ አትንከሩ፤ ቢልሃርዚያ ቀልድ አያውቅም። እኔ ጣሳ በገመድ አስሬ ነው የምጥለው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሳይክሎፕስ የምትባል ደቂቅ የውሃ ፍጥረት ነው፤ ያቺ ባለ አንድ ዓይን፣ በግራና በቀኝ የእንቁላል ከረጢት ያንጠለጠለች። ጀርባዋ ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፏል። ሻጋታ ነው፣ ታማለች አልኩ። ልደፋት ስል ክርኔ ጠረጴዛውን ገጨው። ሻጋታው ጭምድድ አለ! ትንሽ ቆይቶ ቀስ እያለ ተከፈተ። ሻጋታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚደነግጠው?

ሳይክሎፕስ አርፋ ስለማትቀመጥ ስላይዱ ላይ ትንሽ የጥጥ ክር በትኜ አጠመድኳት። በባለ 40 ሌንስ ሳያት ጀርባዋ ላይ ደወል የመሰሉ ነገሮች በቀጫጭን ግንድ ቆመዋል። እያንዳንዱ ደወል አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። አፉ ዙሪያ ያለው ሲሊያ (ፀጉር መሳይ ክሮች) እየተርገበገበ ውሃውን ያሽከረክራል፣ ባክቴሪያውን ወደ ውስጥ ይስባል። እሷን አይበሏትም፤ ሒሳብ ሳይከፍሉ ተሳፍረው ነው። ሲበዙ ግን ሸክም ይሆኑባታል።

ደብተሬ ላይ በትልቁ «ቮርቲሴላ» ብዬ ጻፍኩ። የማይክሮስኮፕ ፋና ወጊው ኔዘርላንዳዊ ሌቨንሁክ እ.ኤ.አ. በ1676 በጻፈው ደብዳቤ የገለጻት ያቺ ዝነኛዋ። ተሳስቻለሁ። እያንዳንዷ ቮርቲሴላ የራሷ ግንድ ነው ያላት፤ የእኔዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አንድ ግንድ ይጋራሉ። ታዲያ ከቮርቲሴላ ዘመዶች የትኞቹ ናቸው? ጠረጴዛውን ሆን ብዬ ደጋግሜ መታሁት። ካርኬሲየም ቢሆን ግንዱ የሚኮማተረው በየቅርንጫፉ ለየብቻ ነው። ዙታምኒየም ቢሆን መላው ዛፍ ባንዴ ይሰበሰባል። የእኔዎቹ ግን ግንዳቸው ንቅንቅ አላለም፤ ደወሉ ብቻ ነው አፉን የሚዘጋው። ግንዱ የማይኮማተረው ዘመዳቸው ኤፒስታይሊስ! ቮርቲሴላን ሰርዤ ጻፍኩት። ከመጽሐፍ ሥዕል ይልቅ አንድ የጠረጴዛ ኳኳታ ይበልጥ አስተምሮኛል።

ማክሰኞ ደግሞ ያላደገች ሳይክሎፕስ ቆዳዋን ጥላ ሄደች፤ ተሳፋሪዎቹ ባዶው ቆዳ ላይ ቀሩ። (ያደገችው ቆዳ መቀየር ስለምታቆም እሷ ላይ የሰፈረ ዕድለኛ ነው።) አንዱን ደወል ስከታተል ታችኛው ወገቡ ላይ ሌላ የሲሊያ ቀለበት አወጣ፣ ከግንዱ ተላቀቀ፣ እየተሽከረከረ ከእይታዬ ወጣ። አዲስ መቀመጫ ፍለጋ መሆኑ ነው። ልከተለው ስል መብራቷ ጠፋች።

ዛሬ ማታ ያንኑ ቆዳ መልሼ አየሁት። ሰባት ቅርንጫፍ ቆጠርኩ። ደወል ያለባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው።