የሂርማታን አሮጌ ሱቆች ለመመዝገብ ያየሁት አበሳ

የጅማን የድሮ ቤቶችና ሱቆች ታሪክ መሰብሰብ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በቢሮ አትጀምሩ። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ያን ሁሉ ደጅ ባልጠናሁ።

ሌላው ቀላል ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ሲገዙ፣ ገበያው ታች ሂርማታ ነበር፣ የዛሬዋ ጅማ ከተማ ውስጥ። ቡናው፣ ዝባዱ፣ አሞሌው የሚሸጠው እዚያ ነው፤ ሰውም ይሸጥ ነበር፣ አንደባብቀው። ፎቶ ለማንሳት ሱቆቹ ሳይከፈቱ በጠዋት ውጡ። አለዚያ ሰልባጅና ጀሪካን ግድግዳውን ይሸፍነዋል።

እኔን ያቃጠለኝ መዝገብ ቤቱ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ስለሚል አይሆንም ተባልኩ። አስተካክዬ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በመጨረሻ ተገኙና ደብዳቤውን አገላብጠው አዩት።

«ቤቱ የአያትህ ነበር?»

«አይ፣ ታሪክ ልጽፍ ነው።»

«ታዲያ የቤት ቁጥር ምን ያደርግልሃል?»

ፋይሎቹ ከጀርባቸው ይታዩኛል። በሲባጎ ታስረው፣ ጠርዛቸው በእርጥበት ጠቁሯል። አንዱ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል። ለብርጭቆ የተፈቀደው ለእኔ ተከለከለ! ወደ ሕግ ክፍል መሩኝ፤ ሕግ ክፍል መልሶ ወደ እሳቸው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አይጠፋኝም። ሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ አሮጌ ቤት የሚጠይቅ ሁሉ ቤት ሊያስመልስ የመጣ ይመስላል። ቢሆንም «አይቻልም» ብሎ መሸኘት አንድ ነገር ነው። ሰው ማመላለስ ምን ይሉታል?

ትቼው ሰፈር ገባሁ። እዚያም «ይህ ቤት የማን ነበር?» ካላችሁ አለቀላችሁ። «እዚህ ምን ይሸጥ ነበር?» በሉ። እዚያው ጅማ መርካቶ አካባቢ አንዲት እናት በመጀመሪያው ጥያቄ በሩን ገርበብ አደረጉት። በሁለተኛው «ግባ የኔ ልጅ፣ ቁጭ በል» አሉኝ።

«ከፊት የዓረብ ሱቅ ነበር፣ ስኳርና አቡጀዲ። ከጓሮ ሴቶች ቡና ይለቅሙ ነበር።»

ከዚያ ከሳጥን ውስጥ አንድ ፌስታል አወጡ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የቤት ቁጥሩ፣ የተከራዩ ስም፣ ወሩ ሳይቀር። እንዲህ ያለ ወረቀት ስታገኙ እዚያው በስልክ አንሱት፤ «ወስጄ ልመልስ» አትበሉ።

ደብዳቤ ሳታሳይ ሰው አትጠይቅ የሚል ምክር ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደምትጠይቁ በአፋችሁ ንገሩ። ማኅተም ያየ ሽማግሌ የሚያስበው ስለ ግብር ነው። ደብዳቤው ኪሳችሁ ውስጥ ይቆይ፣ ከጠየቁ ታወጡታላችሁ።

የቀበሌ ደረሰኝ ከ1967 ወዲያ አይሻገርም። ከዚያ በፊት ላለው ያለን የሽማግሌ ቃል ነው፣ እሱም ይጋጫል። አንዱን ቤት አንዲት ባልቴት «ጨው ቤት ነበር» ሲሉ፣ ጎረቤታቸው «ኧረ የቆዳ መጋዘን ነው!» ብለው ተቆጡ። ሁለቱንም ጻፍኩት።