ፍሪጁ በር ላይ የተጻፈው ቁጥር

የመሥሪያ ቤታችንን የሠራተኞች ዜና የምጽፈው እኔ ነኝ። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት፣ የሰው ሀብት ክፍል ነው የምሠራው። ማን ተዛወረ፣ ማን ደረጃ አደገ፣ ማን በጡረታ ተሸኘ፣ ማን ወለደች፣ የማን አባት አረፉ። ይህን ሁሉ ሰብስቤ በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ አወጣለሁ። በቴሌግራም ግሩፓችን ይለቀቃል። ግቢ ውስጥ ባለው ሰሌዳም ይለጠፋል።

ሥራውን እወደዋለሁ። ሠራተኛው ተበታትኖ ነው ያለው። ጎጃም ደግሞ ሰፊ ነው። ጮቄ ሥር ያለ ጤና ኬላ ውስጥ በሚያዝያም ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚውል ሰው አለ። በዚያው ቀን ዓባይ በረሃ ያለው ባልደረባው ላቡን እየጠረገ መርፌ ይወጋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ምናልባት በሕይወታቸው አይገናኙም። አንዱ የሌላውን ስም የሚያየው በእኔ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ ገጿን ለረጅም ጊዜ የማያት እንደ ዕድር ነገር ነበር። ደስታና ኀዘን መካፈያ። ከዚያ ያለፈ ሥራ ያላት አይመስለኝም ነበር።

አምና መጋቢት ላይ የማቀዝቀዣ ባለሙያችን ዝውውር አገኘ። ደብዳቤው ላይ ቴክኒሻን ነው፤ ሰው ሁሉ ግን "እንጅነር" ነው የሚለው። የክትባት ፍሪጆችን የሚጠግነው እሱ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሀል መቀመጥ አለበት። ከዚያ በላይ ቢሞቅ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ከዚያ በታች ወርዶ በረዶ ቢሠራ ደግሞ አንዳንዱ ጭራሽ ይበላሻል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለ ፍሪጅ እንደ ቤት ፍሪጅ "ነገ ይታያል" የሚባልለት አይደለም። በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር አብዛኛውን ጊዜ 5 ጤና ኬላዎች አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ክትባቱን ከዚያ ነው የሚወስዱት። አንድ ፍሪጅ ሲቆም የአምስት ቀበሌ ሕፃናት ክትባት ይቆማል።

በየጤና ጣቢያው የፍሪጅ በር ላይ የእንጅነር ስልክ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ ተለጥፏል። ያ ቁጥር 11 ዓመት ሠርቷል። በዓል ይሁን ሌሊት ያነሳል። አብዛኛውን ብልሽት ከወንበሩ ሳይነሳ በስልክ ነው የሚፈታው። "ሶኬቱን ንቀይው። እስኪ አሁን መልሽው። ድምፅ ሰማሽ?" ይላል። ቢሮ ተቀምጠን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል።

ባለቤቱ ሌላ ዞን ውስጥ መምህርት ናት። ልጆቹን በበዓል በበዓል ነበር የሚያያቸው። ዝውውሩን ስንት ጊዜ ጠይቆ እንደተከለከለ ፋይሉን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ስለዚህ ስንሸኘው ከልባችን ነበር። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ጋቢ አለበስነው። እኔም ከወትሮው ረዘም ያለ ጽሑፍ ጻፍኩለት። በክረምት መኪና በማይገባበት በእግሩ የት ድረስ እንደወረደ፣ ስንቱን ወጣት ባለሙያ በትዕግሥት እንዳስተማረ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ጋቢውን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ከላይ አደረግሁት። ግሩፑ ውስጥ ምርቃቱ ሲጎርፍ ዋለ።

ክሊራንሱንም የጨረስኩለት እኔ ነኝ። የመፍቻ ሳጥን፣ ሞተር ሳይክል፣ ሄልሜት፣ ሲም ካርድ። ሁሉም በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ንብረት ክፍል ገቢ ሆነ። ፈረምኩ። ፋይሉን ዘጋሁ።

ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር የነገረችኝ ሲስተር ናት። ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርዱት ወረዳዎች በአንዱ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ የክትባት ክፍሉን ይዛ ትሠራለች።

ቀኑ ስቅለት ነበር። የፍሪጅ ሙቀት ጠዋትና ማታ ይመዘገባል፤ በዓል የለውም። ሲስተር ስትሰግድ ውላ፣ ሳታፈጥር፣ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ጠዋት 5 ዲግሪ ብላ የመዘገበችው ፍሪጅ 12 ላይ ደርሷል። መብራት አለ። አምፖሉ ይበራል። ፍሪጁ ግን ድምፅ የለውም። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ ሄዷል። አብሯት ያለው የጥበቃ ሠራተኛው ብቻ ነው።

በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። አሁንም ዝግ ነው። ወረዳ ያለው የክትባት ባለሙያ ጋ ሞከረች፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ስለነበር ስልኩን ዘግቶታል። የእኛን ቢሮ ስልክ ደወለች። በስቅለት ማታ ቢሮ ማን ይኖራል? ወደ ቀዩ ቁጥር ተመለሰች። ዘጠኝ ጊዜ እንደደወለች በኋላ ስልኳን አሳይታኛለች።

ቆላ ነው፤ ሚያዝያ ነው። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ዝም ብላ መቀመጥ አልቻለችም። አንድ የግሮሰሪ ባለቤት ለምና ፍሪዘሩን አስከፈተችው። ውስጡ ውሃ የሞላባቸው ሃይላንዶች እንደ ድንጋይ ጠንክረው አገኘች። ክትባቱን በሙሉ ቫክሲን ካሪየር ውስጥ፣ ቅዝቃዜ በሚይዘው የክትባት መያዣ ሳጥን፣ ከሃይላንዶቹ ጋር ደረደረችው። ሞተረኛ ፈለገች። በጨለማ፣ ዳገቱን፣ ካሪየሩን አቅፋ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጓዘች። ወረዳው ከተማ የደረሰችው ከሌሊቱ 5 ሰዓት አልፎ ነው። የክትባት ባለሙያውን ከቤቱ ቀስቅሳ ክትባቱን እዚያ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። እፎይ ብላ የጾሟን ውሃ የቀመሰችው ያኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ባለሙያው ካሪየሩን ሲያጸዳ ሃይላንዶቹን አየና ደነገጠ። "ሲስተር፣ እነዚህ ሲገቡ ደርቀው ነበር እንዴ?" አላት።

በዚህ ሙያ ያለ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከፍሪዘር የወጣ በረዶ በቀጥታ ከክትባት ጋር አይገባም። ትንሽ ቆይቶ፣ ሲወዘውዙት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ከተሰማ በኋላ ነው የሚገባው። ያለዚያ አጠገቡ ያለውን ብልቃጥ ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን በረዶ ያደርገዋል። የኩፍኝ ክትባት፣ ቢሲጂ የሚባለው የሳንባ ነቀርሳ ክትባትና በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ይህን ይችሉታል። አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚከላከለው ፔንታ አይችልም። የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪም አይችልም። ባለሙያው አንዱን ብልቃጥ ሆን ብሎ በረዶ አደረገው። ከዚያ አቅልጦ፣ ከተጠረጠረው ጋር እኩል ወዝውዞ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱም ውስጥ ነጩ ነገር እኩል ወደ ታች ዘቀጠ። ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ቀረ። ፔንታው በሙሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። ፒሲቪውም እንደዚያው።

ከፋሲካ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን እናቶች መጡ። በ45 ቀን የሚሰጠው የመጀመሪያው ፔንታ የደረሰላቸው ሕፃናት ነበሩ። አንዷ እናት ከተራራው ማዶ በሌሊት ተነስታ፣ አራስ ወገቧን በመቀነት አስራ ነው የመጣችው። "የሚቀጥለው ሳምንት ነይ" ተብላ ተመለሰች። ሲስተር ይህን ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ግምገማ ተጠራ። እንደ ወጉ ጥያቄው "ጥፋቱ የማን ነው?" የሚል ነበር። ሁሉም ዓይን ሲስተር ላይ አረፈ። አንድ ኃላፊ ሥልጠናውን ወስደሽ የለም ወይ አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግን ጥያቄው ይወጋል። እሷም ተነሳች።

"ሥልጠናውን ወስጃለሁ። ፈተና ላይ ብትጠይቁኝ በትክክል እመልሳለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ጠፋብኝ። የሚያስፈልገኝ አንድ ሰው 'ረጋ በይ፣ መጀመሪያ ሃይላንዱን ወዝውዥው' እንዲለኝ ብቻ ነበር" አለች።

"እንጅነሩ እኮ ከሄደ ቆይቷል፤ አልሰማሽም?" አላት ሌላው።

"ሰምቻለሁ። ግሩፑ ላይ አንብቤዋለሁ። መርቄዋለሁም። ግን ቁጥሩ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሰው ቢሄድ ቁጥሩ ይቀራል ብዬ ነው የደወልኩት።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላ የንብረት ክፍሏ ወይዘሮ ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ። "ሲሙ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። በፖስታ አሽጌ አስቀምጬዋለሁ" አሉ። የሠሩት ትክክል ነው። ንብረት ተረክበዋል፣ ቆልፈዋል። የርክክቡ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ተተኪ ተመድቦ ነበር። ወጣት ነው፣ ሥራውን ያውቃል። በዚያች ምሽት ቤቱ ነበር። ስልኩም ክፍት ነበር። ማንም አልደወለለትም፤ ምክንያቱም መኖሩን ከእኛ ቢሮ ውጭ ማንም አያውቅም። እኔ በጻፍኩት ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ስለ እሱ አንድም ቃል የለም። በኋላ ወርዶ ፍሪጁን ሲያየው የተቃጠለው የስታቢላይዘሩ፣ የመብራት ኃይል ማመጣጠኛው፣ ፊውዝ ሆኖ ተገኘ። ቆሞ ቀየረውና ፍሪጁ ተነሳ።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ጽሑፌን እንደገና አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። አሁንም አላፍርበትም፤ ሰውዬው ይገባዋል። ግን የተጻፈው ለሚሄደው ሰው ነው። ለሚቀሩት ምንም አልነገራቸውም። ሲስተር ያን ማታ ከእኔ የሚያስፈልጋት አሥር አኃዝ ነበር።

በማግስቱ ከኃላፊዬ ጋር ተቀመጥኩ። ብዙ ተነጋገርን፤ አንዳንዱ ላይ ተከራከርንም። መጨረሻ ላይ የተስማማነው ይህን ነው። የሥራ ሲም ካርድ ንብረት ክፍል አይገባም። የሚሄደው ለሚተካው፣ ሁለቱም ባሉበት፣ እጅ በእጅ ያስረክባል። ተተኪ ካልተመደበ የክፍሉ ኃላፊ ይይዘዋል። ስልኩ ለአንድ ሌሊት አይዘጋም። እኔም ክሊራንስ ላይ ከመፈረሜ በፊት ቁጥሩን ራሴ እደውላለሁ። ሰው ካላነሳ አልፈርምም።

ዜናውም ተለወጠ። ዝውውር ከሆነ የወር መጨረሻ አልጠብቅም። የመጀመሪያው መስመር ከመቼ ጀምሮ፣ ለምን ጉዳይ፣ ማን ጋ፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚደወል ይናገራል። ምርቃቱና ፎቶው ከዚያ በታች ነው። አንዳንድ ባልደረቦቼ "ሽኝቱን አቀዘቀዝከው" ብለውኛል። ይገባኛል። ግን ከዚህ አልመለስም።

ከሁሉ የከበደኝ ማድረሱ ነው። ቴሌግራም ኔትወርክ ያለበት ብቻ ነው የሚደርሰው። ሰሌዳው ደግሞ የሚያገለግለው ሰሌዳው አጠገብ ለሚያልፍ ነው። ድሮ አዋጅ የሚነገረው ገበያ መሀል ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይባላል። አዋጁ ነበር ሰው ወዳለበት የሚሄደው። እኔም ሰው መቼ የት እንደሚገኝ አሰብኩ። የጤና ሪፖርት ወራችን ከአንዱ ወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ነው። ከ20 በኋላ ሪፖርት ይዞ የሚመጣ አለ። ክትባት ሊወስድ ካሪየር ይዞ የሚመጣም አለ። አሁን ለሁሉም ትንሽ ወረቀት እሰጣለሁ። ወረቀቱ ከክትባቱ ጋር ይሄዳል፤ ደርሶ ፍሪጁ በር ላይ ይለጠፋል። ኔትወርኩ ደካማ ለሆነባቸው ደግሞ ቁጥሩን በአጭር የጽሑፍ መልእክት እልካለሁ። እሱ ያለ ኢንተርኔትም ይገባል።

ኅዳር ላይ ከክትትል ቡድኑ ጋር ወደ ሲስተር ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ቢሮ የሚውል ሰው ስለሆንኩ እዚያ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። የክትባት ክፍሉ ከጠበቅሁት ያንሳል። ፍሪጁ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ድምፁ ይሰማል። ሰንጠረዡ ላይ ጠዋት 4፣ ማታ 5 ተብሎ ተሞልቷል።

በሩ ላይ የድሮው ወረቀት አለ። ሲስተር አልላጠችውም። ቀዩ ቁጥር ላይ አንድ መስመር አስምራ፣ ከሥሩ አዲሱን ቁጥርና የጀመረበትን ቀን ጽፋለች። ከእሱ ሥር ደግሞ ባዶ ቦታ ትታለች።

"ይሄኛውስ መቼ ነው የሚሄደው ጋሼ?" አለችኝ።

"እንጃ፤ ገና ነው" አልኳት።

"እሺ። ብቻ ሲሄድ ይንገሩኝ።"

ስልኬን አወጣሁና እዚያው ቆሜ በሩ ላይ ያለውን ቁጥር ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳው። "አቤት! የየትኛው ጤና ጣቢያ ነው?" አለ።

ስልኩን ለሲስተር ሰጠኋት።