የማይላፖሩ የአናናስ ራሳም

በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ራሳም የሌለበት ምሳ ጎደሎ ነው። ራሳም ቀጭን ሾርባ ነው። ይኮመጥጣል፣ ያቃጥላል፣ ሽታው ከደጅ ይጣራል። ሩዝ ላይ ፈስሶ በእጅ ይበላል፤ ሲያሻ ደግሞ በብርጭቆ ይጠጣል። እኔ የታሚል ናዱ ዋና ከተማ ቼናይ እስክሄድ ድረስ የሕንድ ምግብ ብዬ የማውቀው ወፍራሙንና ክሬም የበዛበትን የሰሜኑን ዓይነት ነበር። ሾርባ ውስጥ አናናስ ይገባል ቢሉኝ አላምንም ነበር። አሁን ግን ሁሉም ሰው ቤቱ ቢሠራው ደስ ይለኛል። ስለዚህ ከነመንገዱ ልንገራችሁ።

የሄድኩት አጎቴን ለማስታመም ነው። ጋሼ የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸው ነበር። ለሕክምና ወደዚያች ከተማ የሚሄድ አበሻ ብዙ ነው። ሆስፒታል ወረፋ ይዛችሁ ከኋላችሁ “እግዜር ይማርልሽ” የሚል ድምፅ ብትሰሙ አይግረማችሁ። ቤት የተከራየነው ማይላፖር የሚባል ሰፈር ነው፤ ከካፓሌሽዋራር ቤተ መቅደስ ብዙም የማይርቅ ጠባብ መንገድ ላይ። ጠዋት ጠዋት በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ባሉት መንገዶች አትክልት ሻጩ፣ አበባ ሻጩ መሬት ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። የጃስሚን አበባ፣ የዕጣንና የቡና ሽታ ተደባልቆ ይመጣል። ቡናቸው በወተት ነው፤ ወፍራም፣ አረፋ ያለው፣ በትንሽ የብረት ኩባያ የሚቀርብ። ጥሩ ቡና ነው፤ ከቡና አገር የመጣ ሰው ይህን ሲል ከልቡ ነው።

የቤቱ ባለቤት ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አማ ይላቸዋል፤ እኔም አማ አልኳቸው። ነጋ ጠባ “ሳፕቲያማ?” ይሉኛል፤ በላሽ ወይ ማለታቸው ነው። ችግሩ ጋሼ አይበሉም ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምግብ አስጠላቸው። በዚያ ላይ ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ሁዳዴ አልተፈታም። የነፍስ አባታቸው በስልክ “ታማሚ አይጾምም” ቢሏቸውም ወይ ፍንክች አሉ። ሐኪሙ ደግሞ ጨው ቀንሱ ብሎናል። ያለ ጨው፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት ምን ይበላል?

ይህን ለአማ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ጾሙን ለማስረዳት ብዙ አልደከምኩም። እሳቸውም የጾም ቀናት አሏቸው። ሥጋና እንቁላል ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይገባም። ቅቤው ብቻ አስገረማቸው። ትንሽ አሰቡና “እንግዲያው በሰሊጥ ዘይት እንሠራዋለን” አሉኝ። የሰሊጥ ዘይት ለታሚል ማድ ቤት እንግዳ አይደለም፤ የድሮ ዘይታቸው ነው።

በማግስቱ ኮያምቤዱ ገበያ ሄድን። የቼናይ ትልቁ የአትክልት፣ የፍራፍሬና የአበባ ጅምላ ገበያ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ማድራስ የሚለው የከተማዋ ስም ወደ ቼናይ የተቀየረውም በዚያው ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሜትሮ ባቡር አጠገቡ ድረስ ይደርሳል፤ አማ ግን አውቶ ይሻላል አሉ። አውቶ የሚሉት እኛ ባጃጅ የምንለውን ነው። ገበያው ውስጥ ጆንያ የተሸከሙት ሰዎች “ዞር በሉ” እያሉ ይሮጣሉ። ማንጎው ገና መግባቱ ነበር። አናናሱ ግን ተቆልሏል።

አማ አናናስ ሲመርጡ አየሁ። ቅጠሉን አይስቡም፣ ቀለሙንም ብዙ አያዩም። ገልብጠው ታችኛውን በኩል ያሸታሉ። አናናስ ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምርም። ሳይበስል ከተነቀለ ቤት ብታስቀምጡት ይለሰልሳል እንጂ አይጣፍጥም። ታቹ ካልሸተተ ይተውታል። የመረጡት ትናንሽና ወርቃማ ነበሩ። ሻጩ “ቫዛኩላም፣ ኬረላ” አለን። ቫዛኩላም በጎረቤቱ በኬረላ ግዛት፣ በኤርናኩላም አውራጃ ያለች፣ በአናናሷ የታወቀች ቦታ ናት።

ይህን ማታ ለጋሼ ስነግራቸው ቀና አሉ። “ኬረላ? የሒሳብ አስተማሪዬ አገር ነው!” አሉ። በንጉሡም በደርግም ዘመን በየአውራጃው ያስተማሩ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ነበሩ፤ ብዙዎቹም የኬረላ ሰዎች ናቸው። ጋሼ አስተማሪያቸው ጠመኔ ይዞ እንዴት እንደሚቆም ሁሉ አሳዩን። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ያን ያህል ሲያወሩ የሰማኋቸው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ማድ ቤት እንግባ። መጀመሪያ ቅመሙ። የድንብላል ፍሬ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙን፣ ደረቅ ዛላ በርበሬና ጥቂት ክክ በደረቅ መጥበሻ ይታመሳል። ክኩ ቱር ዳል የሚባለው ነው፤ ከእርግብ አተር የሚሠራ ቢጫ ክክ። ቅመሙ ሽታው እስኪወጣ ብቻ ነው የሚታመሰው፤ ከጠቆረ ይመራል። ከዚያ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ እንዳይልም። አማ ማሽን አላቸው፤ ለራሳም ግን አይጠቀሙበትም። ሸካራ ሲሆን መረቁ ጥርት ብሎ ይቀራል፣ ቅመሙም ታች ይዘቅጣል። ሲጨለፍ ከላይ ከላይ ነው የሚጨለፈው።

በቅመሙ ውስጥ ቁንዶ በርበሬው ከዛላው ይበልጣል። ይህ የቆየ ነገር ነው። በርበሬንም አናናስንም ወደ ሕንድ ያመጧቸው ፖርቹጋሎች ናቸው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። ከዚያ በፊት የሚያቃጥለው ቁንዶ በርበሬ፣ የሚኮመጥጠው ደግሞ ሁመር (ሮቃ) ነበር። በኋላ እንግሊዞች ማድራስ ሲኖሩ ይህንን የቁንዶ በርበሬ መረቅ ወደዱት። ሥጋ ጨመሩበት፣ አወፈሩት፣ ብዙ ጊዜ ፖምም ይከቱበታል። ሙሊጋታውኒ የሚባለው ሾርባ እንዲህ ተወለደ። እኔ ቀጭኑን እመርጣለሁ። ፍራፍሬው ጎልቶ የሚሰማው ምንም ሳይጋርደው ነው።

አማ ሁመሩን በሞቀ ውኃ ዘፍዝፈው በእጃቸው ጨምቀው አጠለሉት። ውኃው ላይ ሁለት ቲማቲም በእጃቸው አፍርጠው ጨመሩ። እርድ፣ ትንሽ ጨው፣ የተወቀጠው ቅመም። ይህ በመካከለኛ እሳት ይፈላል፤ የሁመሩ ጥሬ ሽታ እስኪጠፋ፣ አሥር ደቂቃ ግድም። የአናናሱ ግማሽ ተፈጭቶ በዚህ ሰዓት ይገባል። ጥሬ አናናስ ምላስ የሚቆጠቁጥበት አንዱ ምክንያት ብሮሜሊን የሚባል ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ነው፤ ሙቀት ያጠፋዋል። ስለዚህ የተፈጨው ትንሽ መፍላት አለበት። በደቃቁ የተከተፈው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ሲነክሱት ከውስጡ ጭማቂ እንዲወጣ ነው።

ከዚያ ተቀቅሎ የሟሟው ክክ በብዙ ውኃ ቀጥኖ ይጨመራል። እዚህ ላይ አማ ወሬ አቆሙ። ዓይናቸው ድስቱ ላይ ብቻ ሆነ።

ከራሳም ሁሉ ከባዱ ይህች ቅጽበት ናት። ክኩ ከገባ በኋላ ራሳም አይፈላም። ዳር ዳሩን አረፋ ይይዛል፣ አረፋው ወደ መሃል ይሰበሰባል፣ ከፍ ከፍ ይላል። ሊገነፍል ሲል እሳቱ ይጠፋል። “ፖዱም! ፖዱም!” ብለው ጮኹ፤ በቃ፣ በቃ ማለት ነው። እኔ በወጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሽንኩርት ሲቁላላ ሰዓት አይቆጠርም፤ ወጥ እሳት በጠገበ ቁጥር ይጣፍጣል። ራሳም ግን የእሳት ንፍገት ይፈልጋል። አንዴ ከተንተከተከ ሽታው በእንፋሎት ሄዶ ያልቃል፣ የሚቀረው ኮምጣጣ ውኃ ነው። ሁለቱም ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ትዕግሥታቸው ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ በመጠበቅ፣ አንዱ በመጠንቀቅ።

ድስታቸው ራሱ ይህን ያስተምራል። ኢያ ሶምቡ ይባላል፤ ቲን ከሚባለው ለስላሳ ብረት የተሠራ፣ ብርማ፣ ለእጅ የሚከብድ ዕቃ ነው። ቲን በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ባዶውን እሳት ላይ ከጣዳችሁት ድስቱ ራሱ ይፈሳል። ፈሳሹ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይገባል፣ እሳቱም ዝቅ ይላል። ታሚሎች የራሳም ጣዕም ከዚህ ዕቃ ይገኛል ይላሉ። እኔ ቤቴ በተራ ድስት ነው የምሠራው፤ ያም ይጣፍጣል። የአማን ግን አልረሳውም።

መጨረሻው ማንጣጣት ነው። በትንሽ ብረት የሰሊጥ ዘይት ይሞቃል። ሰናፍጭ ይገባል፣ ይንጣጣል። ደረቅ ዛላ፣ የካሪ ቅጠል፣ ቁንጥር ሂንግ። ሂንግ ከተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ነው፤ ጥሬው ይከረፋል፣ ዘይት ሲነካው ግን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ሽንኩርት የማያስገባ ቤት ያለ ሂንግ አይሆንለትም። ይህ ሁሉ ሻሻ እያለ ራሳሙ ላይ ይደፋል። ትኩስ የድንብላል ቅጠል ይነሰነሳል፣ ይከደናል፣ አሥር ደቂቃ ያርፋል።

ጋሼ መጀመሪያ በብርጭቆ ጠጡ። ዝም አሉ። ከዚያ “ሩዝ አለ?” አሉ። ያን ቀን ሩዙን በሙሉ በሉ። ጨው ማነሱን አላነሱትም፤ ኮምጣጣው፣ የአናናሱ ጣፋጭነትና ቁንዶ በርበሬው ቦታውን ይዘውለታል። እኛ ሳህን ላይ፣ አማ ሙዝ ቅጠል ላይ፣ ሁላችንም በእጅ በላን። የእነሱ ሥርዓት መጀመሪያ ሳምባር የሚባለው የክክና የአትክልት ወጥ፣ ቀጥሎ ራሳም፣ መጨረሻ እርጎ ነው። እርጎው ሲመጣ እኔና ጋሼ ራሳሙን ደገምን።

ከዚያ በኋላ አማ በየቀኑ ማለት ይቻላል ዓይነቱን እየቀያየሩ አሳዩኝ። የሎሚ ራሳም አለ፤ ሎሚው የሚጨመቀው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፣ አለዚያ ይመራል። የጥሬ ማንጎ ራሳም አለ፤ እዚያ ሁመር አያስፈልግም። በታሚል አዲስ ዓመት፣ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ የኒም አበባ ያለበት መራራ ራሳም ቀመስኩ። የአናናሱ ግን ለሠርግና ለድግስ የሚወጣ ነው፤ ለታማሚ ብለው ነው በአዘቦት የሠሩልን።

አዲስ አበባ ተመልሼ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ለአራት ሰው የሚሆነውን ልስጣችሁ። ግማሽ አናናስ፤ እኩሌታው ይፈጫል፣ እኩሌታው ይከተፋል። ሁለት ቲማቲም። ሎሚ የሚያህል ሁመር፤ ሮቃ የምትሉት ያው ነው። የብርጭቆ ሲሶ ክክ። ቱር ዳል ካጣችሁ ቀይ ምስር ክክ በደንብ ይተካዋል፤ ቶሎም ይሟሟል። ለቅመሙ አንድ የሾርባ ማንኪያ ድንብላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ክክ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ሁለት ዛላ። ውኃው በጠቅላላ አምስት ብርጭቆ ግድም።

አደራ የምላችሁ ሁለት ነገር አለ። የተዘጋጀ በርበሬ አትጨምሩ። ውስጡ ያለው ኮረሪማና በሶብላ አናናሱን ይውጠዋል፤ ዛላው ብቻ ይበቃል። ከሙን ስል ደግሞ ከሙን ነው፤ ነጭ አዝሙድ ሌላ ነገር ነው። የካሪ ቅጠል ካላገኛችሁ ተዉት። በሮዝመሪ ለመተካት አትሞክሩ፣ ሽታው አይገናኝም። ሂንግ የሕንድ ቅመም ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ አንድ ትንሽ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ይበቃል። የምታበሉት ሰው ስንዴ የማይስማማው ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ሂንግ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ነው የሚመጣው።

አናናሳችን ደግሞ ጥሩ ነው። ከሲዳማ፣ ከአለታ ጩኮ የሚመጣውን ሳገኝ ሌላ አልፈልግም። ጭማቂው ብዙ ስለሆነ ውኃውን ግማሽ ብርጭቆ እቀንሳለሁ። አናናሱ ኮምጣጣ ከሆነ ሁመሩን ቀንሱ፤ ስኳር ከመጨመር ይሻላል። ጾም ሲፈታ የሰሊጥ ዘይቱን በንጥር ቅቤ ቀይሩት፤ ግን ቅመም የሌለበት ንጥር ይሁን።